ዋና አባት፦ የጎጃም ዘር ያለ ቤተሰብ ስም የተቆጠረበት መንገድ

በቻይና ዋንግና ሊ የሚባሉት የቤተሰብ ስሞች እያንዳንዳቸው ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚጠራባቸው ሲሆኑ፣ ከግለሰቡ መጠሪያ ፊት እየገቡ ሳይለወጡ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳሉ። በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ግን ስም ዕድሜው አጭር ነው፤ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፣ የልጅ ልጅ ሲመጣ ግን የአያቱ ስም ከዕለት ጥሪው ይወጣል። ስም ራሱም በውርስ የሚተላለፍ ሳይሆን ስለዚያ ልደት የተነገረ ቃል ነው፤ ምትኩ፣ ካሣ፣ ማስረሻ የሚባለው ልጅ ቤቱ ሐዘን ካየ በኋላ የተወለደ መሆኑን ስሙ ይናገራል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚሰጠው የክርስትና ስም ደግሞ ለጸሎትና ለፍትሐት እንጂ ለዘር ቆጠራ አይውልም።

የጎጃም ገዥዎች ቤት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ጦርነት የሞቱት ደጃዝማች ጎሹ የዘውዴ ልጅ ናቸው፤ ልጃቸው ተሰማ ጎሹ፣ የተሰማ ልጅ ደግሞ አዳል ተሰማ ይባላሉ። ራስ አዳል በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የጎጃም ንጉሥ ተብለው ዘውድ ሲደፉ ስመ መንግሥታቸው ተክለ ሃይማኖት ስለሆነ፣ ልጆቻቸው በዛብህ፣ በለውና ኃይሉ በዚሁ ስም ተጠሩ፤ የበለው ልጅ ራስ ኃይሉ ግን ኃይሉ በለው ናቸው፣ የንጉሡም ስም በአንድ ትውልድ ውስጥ ከልጅ ልጃቸው መጠሪያ ወጣ። ዝምድናቸውን የማያውቅ ሰው ስማቸውን በዝርዝር ቢያነብ የአንድ ቤት ሰዎች መሆናቸውን ሊጠረጥር አይችልም።

ከዚህ ተነሥቶ የጎጃም ሰው ዘሩን አያውቅም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር ስለነበር ከአያት አልፎ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ምንዥላት እያለ የሚቆጥር ሽማግሌ በየቀዬው ነበረ። ቆጠራው ዋና ጥቅሙን የሚያሳየው ግን በርስት ላይ ነው። ርስት ማለት አንድ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው መወለዱን በማስረዳት ድርሻ የሚጠይቅበት መብት ሲሆን፣ ያ አቅኚ ዋና አባት፣ ከእርሱ በታች ያለው የክፍፍሉ ደረጃ ምንዝር አባት ይባላል፤ የተወላጆቹን ድርሻ የሚከታተለውና በክርክር ጊዜ የሚቆምላቸው ደግሞ ፈጅ ነው። በደጋ ዳሞት ያጠናውና መጽሐፉን በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ አለን ሆበን ሥርዓቱን በስፋት ገልጾታል። ድርሻ ፈላጊው በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ከራሱ ወደ ላይ፣ አንዳንዴ በእናቱ በኩል፣ አንዳንዴ በአያቱ እናት በኩል እየተሻገረ፣ አንድም ስም ሳይዘል እስከ ዋና አባቱ ይቆጥራል፤ ባለይዞታዎቹ ደግሞ መሐል ላይ የተዘለለ ወይም የተለወጠ ስም እንዳለ እያደመጡ ይጠብቁታል።

በቻይና ነገድ ዘር የሚቆጠረው በአባት ወገን ብቻ ነው፤ በጎጃም ግን ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወረስና ሴትም ስለምትወርስ፣ አንድ ገበሬ በተለያየ ደብር ያሉ የብዙ ዋና አባቶች ተወላጅ ነበር፣ ምንም እንኳ በተግባር የሚያርሰው ከጥቂቶቹ መሬት ብቻ ቢሆንም። ይህን ሁሉ ወገን አንድ የቤተሰብ ስም ሊሸከመው አይችልም ነበር፤ ስለዚህ የሩቅ አባት ስም በሰዎች ላይ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ኖረ፣ ማሳውም በእርሱ ስም ተጠራ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ቢደነግግም ሕዝቡ በአባት ስም መጠራቱን አልተወም። ርስት ግን ከስም በላይ ነበርና፣ በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የጎጃም ገበሬ መሬቱ ሊለካና ሊነጠቅ ነው ብሎ በመስጋት አመፀ። ሥርዓቱን ያበቃው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ነው። የዋና አባት ቆጠራ ድርሻ ማስገኘቱ ሲቀር ልጆች የሚማሩበትም ምክንያት ተቀነሰ፤ ዛሬ በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው እንጂ የአቅኚው ስም አይሰፍርም።

የቤተሰብ ስም በእርግጥ የሚፈጠረው ርቆ በሄደው ጎጃሜ ቤት ነው። ውጭ አገር ያለው መሥሪያ ቤት በቅጹ ላይ የቤተሰብ ስም ሲጠይቀው የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ይጽፋል፤ ሚስቱ የራሷን አባት ስም ትይዛለች፣ ልጆቹ ደግሞ የአያታቸውን ወይም የቅድመ አያታቸውን ስም ይዘው ያድጋሉ፣ እነርሱም ለልጆቻቸው ያንኑ ያወርሳሉ። አገር ቤት ሁለት ትውልድ ሳይሞላው ከጥሪ ይወጣ የነበረው ስም በዚያ ቤት እንዳለ ይቆያል።