የመጨረሻው የትምህርት ዓመትና የወላጆች ድርሻ

ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሚሆንበት ዓመት የቤተሰቡ ኑሮ ከወትሮው ይለወጣል። አባት ስለ ፈተናው ደጋግሞ ይጠይቃል፤ እናት ስለት ትሳላለች፤ ጎረቤትና ዘመድም «ዘንድሮ ተፈታኝ ነህ አይደል?» እያለ ያስታውሳል። ለፈተና የሚቀመጠው ተማሪው ብቻ ቢሆንም ዓመቱ የቤተሰቡ ሁሉ ዓመት ይሆናል። ወላጆች ልጃቸው እንዲያልፍ የሚመኙ መሆናቸው አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ምኞት ብቻውን እርዳታ አይሆንም። እንዲያውም ምኞቱ መልክ ካልያዘ በልጁ ላይ ተጨማሪ ሸክም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ወላጆች ደግሞ «እኛ አልተማርን፤ ምን ልንረዳው እንችላለን?» በማለት ነገሩን ለትምህርት ቤቱ ብቻ ይተዉታል። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ለተፈታኝ ልጅ ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል አብዛኞቹ ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም ሊሰጣቸው የሚችሉ ናቸው።

የእርዳታውን ዓይነት ለመረዳት በመጀመሪያ የፈተናውን ምንነት ማወቅ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና ለብዙ ዘመን «ማትሪክ» እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በሁለት እርከን ከከፈለ በኋላ፣ ተማሪዎች በአሥረኛ ክፍል አንድ አገር አቀፍ ፈተና፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ይወስዱ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለቀረ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን ዕድል የሚወስነው ክብደት ሁሉ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ አርፏል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የአፕቲትዩድ ፈተና ለሁሉም ተማሪዎች ይሰጣሉ። ከዚህም ሌላ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ በጂኦግራፊ፣ በታሪክና በኢኮኖሚክስ ይፈተናሉ።

የፈተናው ውጤት ምን ያህል አስጨናቂ እንደሆነ አኃዙ ይመሰክራል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ያህሉ ይህን ነጥብ አግኝተዋል። ይህን ያህል ብዙ ተማሪ የማለፊያውን ነጥብ ሳያገኝ የቀረው ሁሉም ሰነፍ ስለሆነ ነው ለማለት አይቻልም። የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን ማነስ፣ በጦርነት ምክንያት የተቋረጠ ትምህርትና ከታች ክፍሎች ጀምሮ የተከማቸ ድክመት ሁሉ በአንድ ላይ ተደምረው በፈተናው ቀን ይታያሉ። ወላጆች እነዚህን ሁሉ ሊያስወግዱ አይችሉም። ሆኖም በእነርሱ እጅ ያለውን ነገር ለይተው ቢያውቁ የልጃቸውን ሸክም በእጅጉ ሊያቃልሉ ይችላሉ።

በወላጆች እጅ ካለው ነገር የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በገጠር ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ከብት ይጠብቃሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥም አጨዳና ውቂያ ላይ ይሰማራሉ። ሴቶች ልጆች ውሃ ይቀዳሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያዝላሉ። በከተማም ቢሆን ሱቅ የሚጠብቅና ከእናቱ ጋር ጉልት የሚውል ተማሪ ጥቂት አይደለም። ልጆች ቤተሰባቸውን መርዳታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን በመጨረሻው ዓመት የሥራው ድልድል እንደገና ሊታይ ይገባል። እዚህ ላይ በወንድና በሴት ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በብዙ ቤት ወንዱ እራት በልቶ መጽሐፉን ሲገልጥ እኅቱ ዕቃ ታጥባለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ለነገው ሊጥ ታቦካለች። መጽሐፏን የምትይዘው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። ሁለቱም የሚቀመጡት ግን ለአንድ ዓይነት ፈተና ነው። ስለሆነም የማታውን ሥራ አባትና ወንድሞች ቢካፈሉት ልጅቱ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ታገኛለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ትምህርት ቤቱ በወረዳው ከተማ ስለሚገኝ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች አሉ። እነዚህ ተማሪዎች በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ከቤታቸው ይዘው ይመለሳሉ። ስንቅ ለማምጣት በእግር የሚኬደው መንገድ ሙሉ የእረፍት ቀን ይፈጃል። ወላጅ ወይም ወንድም ለገበያ ወደ ከተማ በሚወጣበት ቀን ስንቁን ይዞ ቢሄድ ለልጁ የጥናት ቀን ይተርፍለታል፤ ኑሮውንም በዓይኑ አይቶ ይመለሳል። ልጅ ታሞ ወይም ርቦት እያለ ለማንም ሳይናገር ቀርቶ ትምህርቱን የሚያቋርጥበት ጊዜ ስላለ፣ ይህ ጉብኝት ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው እርዳታ የጥናቱን አካሄድ መከታተል ነው። ሔርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ስለ ማስታወስና ስለ መርሳት ያደረገውን ምርምር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 አሳትሟል። የጥናቱ ፍሬ ነገር፣ ሰው አንድን ነገር ካጠና በኋላ አብዛኛውን የሚረሳው ወዲያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑንና በጊዜ ተከፋፍሎ የተደጋገመ ጥናት በአንድ ጊዜ ከታጨቀ ጥናት ይልቅ የሚጸና መሆኑን የሚያሳይ ነው። አባቶቻችንም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ ይህንኑ ገልጸውታል። በመሆኑም ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚያጠና ተማሪ፣ ለሰኔ አከማችቶ ሌሊቱን በሙሉ ከሚቀመጥ ተማሪ የተሻለ ዕውቀት ይኖረዋል።

ከዚህም ጋር፣ ትምህርት የሚጸናው መጽሐፉን ደጋግሞ በማየት ብቻ ሳይሆን መጽሐፉን ዘግቶ የተነበበውን ከራስ በማውጣት ነው። ያልተማረ ወላጅ ትልቅ ረዳት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አንዲት እናት ቡና እያፈላች «ዛሬ ምን ተማርክ? እስቲ ለእኔም አስረዳኝ» ብትል፣ ልጁ ስለ ደም ዝውውር ወይም ስለ ዓድዋ ጦርነት መጽሐፉን ሳያይ ማስረዳት ይኖርበታል። በሚገባ የተረዳውን አፍታቶ ይናገራል፤ ያልገባው ቦታ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል፤ የትኛውን ምዕራፍ እንደገና ማንበብ እንዳለበትም ያን ጊዜ ይገነዘባል። እናቲቱ መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ማወቅ አይጠበቅባትም። የሚጠበቅባት ጆሮ መስጠትና ያልገባትን መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የአካል ጤንነት ነው። በዐሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። እንቅልፍ ከጥናት ላይ የተሰረቀ ጊዜ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። አንጎል በቀን የተማረውን የሚያደራጀውና የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ እንቅልፍ የጥናቱ አንድ ክፍል ነው ማለት ይቻላል። አንዳንድ ተማሪዎች እንቅልፍን ለማባረር ጫት ይቅማሉ። ጫት ለጊዜው ያነቃቃል፤ ነገር ግን እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ መንፈሱ በቀነሰ ጊዜም ድካምንና መደበርን ያስከትላል። ልማድ ከሆነም በኋላ በቀላሉ አይተውም። ወላጆች ይህን በቁጣ ሳይሆን በማስረዳት ሊከላከሉ ይገባል። ልጁ በሰዓቱ እንዲተኛ ማድረግ፣ ቁርሱን ሳይበላ እንዳይወጣ መጠበቅ፣ መብራት በሌለበትም የጭሱ ኩራዝ ዓይኑን እንዳይጎዳው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አነስተኛ ፋኖስ ቢቻል መግዛት ከብዙ ምክር የበለጠ ይጠቅማሉ። በጥናቱ ሰዓት ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን ዝቅ ማድረግ፣ ስልክንም ከልጁ አጠገብ ማራቅ ወጪ የማይጠይቁ እርዳታዎች ናቸው።

አራተኛውና ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ አንደበት ነው። «የእገሌ ልጅ ሐኪም ሆነ፤ አንተ ግን...» የሚለው ንግግር ልጁን የሚያተጋው የሚመስለው ወላጅ ብዙ ነው። «ከወደቅህ እዚህ ቤት እንዳላይህ» የሚልም አለ። መጠነኛ ሥጋት ሰውን ለሥራ ያነሣሣዋል። ከልክ ያለፈ ፍርሃት ግን አሳብን ይበትናል፤ ተማሪው የሚያውቀውን እንኳ በፈተናው ሰዓት እንዲያጣው ያደርጋል። ለዚህ ነው ጎበዝ የሚባለው ልጅ አንዳንድ ጊዜ ከሚጠበቅበት በታች የሚያመጣው። ልጁ ምግብ ሲያስጠላው፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ራስ ምታትና የሆድ ሕመም ሲደጋግመው፣ ከሰውም ሲርቅ ጭንቀቱ ከልክ ማለፉን ማወቅ ይገባል። በዚህ ጊዜ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ፣ ከመምህሩም ጋር መመካከር፣ ካልተሻለውም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ የወላጅ ግዴታ ነው። ስለ ትምህርት ምርጫም እንዲሁ ነው። አባት ሐኪም ለመሆን ተመኝቶ ሳይሳካለት የቀረ እንደሆነ፣ ያን ምኞት ልጁ እንዲፈጽምለት ማስገደድ የለበትም።

የፈተናው ቀናት ራሳቸው የተለየ ዝግጅት ይጠይቃሉ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ሾልኮ በመውጣቱ ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ሲባልም የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተፈታኝ ስልክ መያዝ ስለማይፈቀድለት ለቀናት ያህል ከቤተሰቡ ድምፅ ይርቃል። ከቤቱ ውጭ አድሮ ለማያውቅ ልጅ ይህ ራሱ አንድ ፈተና ነው። ወላጆች የመታወቂያውን ካርድ፣ ልብሱን፣ ብርድ ልብሱንና የመጓጓዣውን ገንዘብ ቀደም ብለው ቢያዘጋጁ፣ ምን የተፈቀደና ምን የተከለከለ እንደሆነም ከትምህርት ቤቱ ቢጠይቁ ጥድፊያው ይቀራል። በመለያያው ሰዓት የሚነገረው ቃል ልጁ በግቢው ውስጥ የሚያስታውሰው የመጨረሻ ቃል መሆኑንም ሊያስቡበት ይገባል። ለልጅ ኩረጃ የሚያመቻች ወይም የተሰረቀ ፈተና የሚገዛ ወላጅ ደግሞ ልጁን የረዳ ሊመስለው ይችላል፤ ዳሩ ግን ያስተማረው በራሱ እንዳይተማመን ነው።

የወላጅ ፍቅር በትክክል የሚመዘነው ውጤት በሚታወቅበት ቀን ነው። ከላይ የተጠቀሰው አኃዝ እንደሚያሳየው ከመቶ ተማሪዎች መካከል ከዘጠና የሚበልጡት በዚያን ቀን ያልጠበቁትን ውጤት ይዘው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። በእነዚያ ሁሉ ቤቶች በር ላይ የሚጠብቃቸው ቃል ምንድን ነው? በዚያች ሰዓት ልጁ ከማንም በፊት ራሱን ወቅሷል፤ ስለዚህ ወቀሳ መጨመር ምንም አይጠቅመውም፤ ብቻውን መተውም አደጋ አለው። «በመጀመሪያ ብላ፤ ከዚያ በኋላ እንመካከራለን» የሚል ወላጅ ለልጁ ነገን ይመልስለታል። የሚመካከሩበትም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማለፊያውን ነጥብ ላላገኙ፣ ነገር ግን የተወሰነውን መቁረጫ ነጥብ ላሟሉ ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ ቆይቷል። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት መሠልጠንም አለ፤ በግል ተፈታኝነት እንደገና መቀመጥም አለ። ይህን መንገድ ወላጆች ከውጤቱ ቀን አስቀድመው ቢያውቁት በድንጋጤ ሰዓት መላ አያጡም።

ይህ ሁሉ ሲባል ኃላፊነቱ የወላጆች ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ወላጅ ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም። ተማሪው የፈተናውን ጊዜ፣ የጥናት ፕሮግራሙን፣ የከበደውን ትምህርትና የልቡን ጭንቀት በትሕትና ለቤተሰቡ መግለጽ ይኖርበታል። የተሰጠውንም ጊዜ በከንቱ አለማሳለፍ የእርሱ ፈንታ ነው። እናቱ የእርሱን ሥራ ደርባ ስትሠራ እርሱ በየመንገዱ ቢውል እርዳታው ትርጉም ያጣል።

በአጠቃላይ ለተፈታኝ ልጅ የሚያስፈልገው እርዳታ ብዙ ገንዘብ ወይም ከፍተኛ ዕውቀት የሚጠይቅ አይደለም። ጊዜ፣ የሚያዳምጥ ጆሮ፣ እንቅልፍና ምግብ፣ የማይሰብር ቃልም ይበቃዋል። ፈተናው የሚለካው ተማሪው በጥቂት ቀናት ውስጥ በጥቂት ትምህርቶች የሠራውን ነው እንጂ የሰውነቱን ዋጋ አይደለም። ልጅ ቢያልፍም ባያልፍም የቤተሰቡ ልጅ መሆኑን አስቀድሞ ካወቀ፣ ወደ ፈተናው አዳራሽ የሚገባው በተረጋጋ ልቡና ነው።

ጥያቄዎች

1. «ያልተማረ ወላጅ ልጁን ሊረዳ አይችልም» የሚለው አስተሳሰብ ትክክል ያልሆነው ለምንድን ነው? ከምንባቡ ማስረጃ ስጡ።
2. በአንድ ቤት የሚኖሩ ወንድና ሴት ተፈታኞች የጥናት ጊዜያቸው የሚለያየው በምን ምክንያት ነው?
3. «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከጥናት ዘዴ ጋር ያለውን ግንኙነት አብራሩ።
4. ስንቅ፣ ድልድል፣ መንተባተብ፣ መቁረጫ ነጥብ የሚሉትን ቃላትና ሐረጋት በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።
5. ውጤት በሚታወቅበት ቀን በወላጅና በልጅ መካከል ሊደረግ የሚገባውን ውይይት በአንድ አንቀጽ ጻፉ።