«ማዘርቦርዱ ሞቷል» ሲሏችሁ

ጠጋ በሉ። ይቺን የምነግራችሁን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጓደኞቼ እንዳይሰሙ፤ ከሰሙ ያኮርፉኛል።

ኮምፒውተራችሁ አልነሳ አለ እንበል። ትናንት ማታ ፊልም እያያችሁ ድርግም አለ፤ ዛሬ ቢጫኑት ቢጫኑት ዝም። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላችሁ፣ ከአንበሳሜ በሐሙሲት በኩል ወረታ ድረስ አምጥታችሁ ባንኮኒያችን ላይ አስቀመጣችሁት። ባለሙያው ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ ያየዋል። ከንፈሩን ይመጣል። «ወንድማለም፣ ይሄማ ማዘርቦርዱ ሳይሞት አይቀርም። እስቲ ነገ ከሰዓት ብቅ በል።»

እናንተ ልባችሁ ተሰብሮ ትወጣላችሁ። እኛስ?

እኛማ ላጲስ እንፈልጋለን።

አዎ፣ ላጲስ። ተማሪ የሚጠቀምባት ነጯ ላጲስ። ከፎገራ ሜዳ የሚመጣ ኮምፒውተር ሆዱ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ብታዩ! በበጋ የሩዝ መፈልፈያው ብናኝ ከአቧራ ጋር ተጋግሮበታል። በክረምት ደግሞ ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ውሃ ሲያዝል እርጥበቱ ቤት ድረስ ይገባል። ይሄ ሁሉ መጀመሪያ የሚያጠቃው ራም የሚባለውን ቀጭን ካርድ ነው። ከግርጌው የተደረደሩ ወርቃማ ጥርሶች አሉት። እነሱ ሲደበዝዙ ሁሉ ከሚሰካበት ትልቅ ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር መነጋገር ያቆማሉ። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። አንዳንዴም ደጋግሞ «ጢጥ ጢጥ» ይላል። የጩኸቱ ትርጉም እንደ አምራቹ ቢለያይም፣ እንዲህ የሚጮኸውን ስንሰማ እጃችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ራሙ ነው።

ገመዱን እንነቅላለን፣ ራሙን እንመዘዋለን፣ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ አድርገን እናሻሻለን፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ እንጠርጋለን፣ ቀጭ እስኪል መልሰን እንጭነዋለን። ተነሳ! አንድ ሲኒ ቡና እንኳ አይቀዘቅዝም። ታዲያ «ነገ ከሰዓት» ለምን? በአምስት ደቂቃ ለተሠራ ሥራ ማን ደህና ብር ይከፍላል ብላችሁ ነው? አንድ ሌሊት ያደረ ብልሽት ዋጋው ያምራል።

ደግሞ ማን ደንበኛ እንደሚያመጣልን ልንገራችሁ? ቫይረስ እንዳይመስላችሁ። መብራት ነው። እሱም ሲሄድ ብዙም አይጎዳ፤ ጉዱ ሲመለስ ነው። ያን ጊዜ ኃይሉ ዘሎ ይመጣል። መፈልፈያ ያለበት መንደር ከሆናችሁማ ሞተሩ ሲነሳ አምፖላችሁ ደብዘዝ ሲል ታዩታላችሁ። ያን ሁሉ መውጣትና መውረድ የሚቀበለው ፓወር ሳፕላይ የሚባለው የብረት ሳጥን ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ምንም ድምፅ፣ ምንም መብራት፣ ምንም ፋን ከሌለው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። እኛ የምናደርገው ቀላል ነው፤ የሚሠራ ሌላ ሳጥን እንሰካለታለን። ከተነሳ ማዘርቦርዱ በሕይወት አለ ማለት ነው። ሳጥኑን ብቻ ቀይሮ መገላገል።

ከዚያ በፊት ግን ቤታችሁ ሆናችሁ ዲቫይደሩን ሞክሩት። ስልክ ሰክታችሁ ቻርጅ ያደርጋል? ስንቱ «የሞተ» ኮምፒውተር ሱቃችን መጥቶ እኛ ግድግዳ ላይ ስንሰካው እንደ ሙሽራ ብድግ ብሏል! ቀጥሎ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉና ማብሪያውን ሠላሳ ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣለታል። መልሳችሁ ሞክሩት። አንዳንዴ በዚህ ብቻ ይነሳል። እኛ ይህን ለማንም አንነግርም።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ከኋላው እዩ። አንዳንዱ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማንሸራተቻ አለው። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። 115 ላይ እንዳለ ከሰካችሁት፣ ጧ! ከዚያ የተቃጠለ ሽታ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ፓወር ሳፕላዩን ራሱን ካቻቢቴ ይዛችሁ እንዳትከፍቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ የሚይዘው ኃይል ሰው ይጎዳል። እሱ ቀልድ የለውም።

ኮምፒውተሩ ተነስቶ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ድርግም የሚልስ? ሞቆት ነው። ፕሮሰሰሩ ሙቀት ሲበዛበት ራሱን ለማዳን ያጠፋል። ፋኑ ላይ አቧራ ተጋግሯል፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው ቅባትም ደርቋል። እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ ላድርግ፤ ቅባቱ ሲያልቅበት የጥርስ ሳሙና የሚቀባ ባለሙያ አለ። አትሳቁ! ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ እናንተም ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ።

በየጊዜው ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ ኢንተርኔቱም «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» እያለ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ለቫይረስ ማጥፊያ ገንዘብ እንዳታወጡ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ርካሿ እሷ ናት።

እውነተኛ የማዘርቦርድ ሞት የለም እያልኩ ግን አይደለም። ክዳኑን ስትከፍቱ እንደ ትናንሽ በርሜል የቆሙ ካፓሲተሮች አሉ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ካበጡ ወይም ቡናማ ነገር ካፈሰሱ ባለሙያው እውነቱን ነው። በፈረንጆቹ ከ2003 እስከ 2005 ባለው ጊዜ የተሸጡ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተሮች በዚሁ ጣጣ የታወቁ ናቸው፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤት የወጡ ሰነዶች ለዚህ ብልሽት የተጋለጡት ቢያንስ 11.8 ሚሊዮን እንደሆኑ አሳይተዋል። ስለዚህ «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ሲሏችሁ «እስቲ ያበጠውን አሳየኝ» በሉ። ፊቱን እዩት።

አሁን ወደ ትልቁ ምስጢር። ፎርማት።

ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ ወይም እየዞረ ከቀረ፣ የእኛ የሁልጊዜ መድኃኒት «ፎርማት ይደረግ» ነው። ለምን? ስለማያሳስብ። ብልሽቱን መፈለግ ራስ ያዞራል፤ ፎርማት ግን ፍላሿን ሰክቶ ሻይ መጠጣት ነው። ታዲያ ዊንዶውስ አልነሳ አለ ማለት ፋይላችሁ ጠፋ ማለት አይደለም። ሊኑክስ በተጫነበት ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነስቶ ፎቶውንም ደብዳቤውንም መጀመሪያ ማውጣት ይቻላል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ራሳቸው መነሳታቸው ደጋግሞ ሲቋረጥ የጥገና ገጽ ያመጣሉ፤ እዚያ ፋይላችሁን ሳይነካ ዊንዶውሱን የሚያድስ ምርጫ አለ። ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካወጣ ግን ወዲያው አጥፉት። ይህ ዲስኩ ራሱ ሊሞት መሆኑን ይነግራችኋል፤ በሠራ ቁጥር የሚተርፈው ፋይል ይቀንሳል።

ከፎርማት በኋላ የሚመጣ አንድ ለቅሶም አለ። «እታለም፣ ማመልከቻዬ ሁሉ ተበላሸ! የእንግሊዝኛ ፊደል ዝም ብሎ ተደባልቋል!» አይዟችሁ፣ አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ በየሶፍትዌሩ በራሱ ፎንት ይጻፍ ነበር። ፎርማቱ ያንን ፎንት ስላጠፋው ነው ጽሑፉ የተደነባበረው። የድሮው ፎንት ተመልሶ ሲጫን «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ቁጭ ይላል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ «ቫይረስ በልቶታል» ይላችኋል። የሚያውቀውም አንዳንዴ እንደዚያ ይላል።

የመጨረሻዋ ደግሞ በጣም በቀስታ። ኮምፒውተራችሁን ስትሰጡን ፎቶአችሁንም ሰጥታችሁናል። አናይም እንላለን። አብዛኛው ሰው አያይም። ሁሉም ግን አይደለም። የፓወር ሳፕላይ ብልሽት ከሆነ ሃርድ ዲስኩን አስፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለዚያ ጥገና አያስፈልገንም። ካልሆነም ቁጭ ብላችሁ አሠሩ። «ሥራ አለብኝ፣ ነገ ና» ቢላችሁ «እጠብቃለሁ» በሉት። ተቀይሯል የተባለውን አሮጌ ዕቃም ተቀበሉ፤ የእናንተ ነው።

ሳጥኑ ይገዛል፣ ራሙ ይገዛል፣ ማዘርቦርዱም ቢሆን ይገዛል። የልጃችሁ የክርስትና ፎቶ ግን የትም ሱቅ አይሸጥም። ዛሬ ማታ መብራት ሳይሄድ ሌላ ቦታ ገልብጡት።