የቮልሷ በር ውስጥ ምን አለ?

ሐዋሳ የሚኖሩ ከሆነ ወይም ለእረፍት ከመጡ፣ ባህል አዳራሽ ዝግጅት በሚኖርበት ቀን በዙሪያው የሚቆሙትን መኪኖች ልብ ብለው ይመልከቱ። ከአዳዲሶቹ መካከል አንዲት አሮጌ ቮልስ አትጠፋም። ቀለሟ አዲስ ነው፤ ቸርኬዋ ያብረቀርቃል፤ መቀመጫዋ ቆዳ ለብሷል። አሁን ወደ በሯ ጠጋ ይበሉ። መስታወቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ወይም ወደ ታች እንዳይሰጥም የእንጨት ሽብልቅ ተወትፎበታል፤ አለዚያም ጭራሹን በፌስታልና በፕላስተር ተሸፍኗል። ባለቤቷን ቢጠይቁት «እሱ ቀላል ነው፤ ሌላው ካለቀ በኋላ ይሠራል» ይልዎታል።

ወደ ኋላ የሚተው ሥራ ግን አይደለም። የቮልስ ሞተር ቢደክም ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ይመለሳል። ቮልስ የምትሞተው ከወለሏ ነው፤ ወለሏን የሚበላው ደግሞ ዝገት ነው። ውሃው ወደ ወለሉ ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ በትክክል ያልተገጠመ የበር መስታወት ነው። ለቀለም ብዙ ብር አውጥቶ መስታወቱን በሽብልቅ መደገፍ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ አዲስ ሶፋ እንደ ማስገባት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ይልቅ ያሳስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ግቢዎ ውስጥ የቆመችው አሮጌ መኪና «ሸጠን ሌላ እንገዛለን» የሚባልላት ብቻ አይደለችም። ብዙ ቤተሰብ ያለችውን ጠግኖ መያዝን እንደገና እያሰበበት ነው።

ቮልስ ደግሞ ለመጠገን የተሠራች መኪና ናት። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ነው። እኛ አገር ታሪክም አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የሚያነሳው ይህንን ነው፤ ለእኔ ትውልድ ግን ቮልስ የአባቶቻችን መኪና ናት።

የእኛ ቤቷን አባቴ የገዛት እኔ ሳልወለድ ነው። ባለፈው ክረምት እናቴ ከጎን ባለው መቀመጫ ስትቀመጥ እግሯ ሥር ያለውን ምንጣፍ ረጥቦ አገኘችው። አንዴ፣ ሁለቴ ታገሠች፤ በሦስተኛው እሑድ «ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ነው የምሄደው» አለች። በዚያው ሳምንት አንድ ጎረቤት ዋጋ ጠራ። አባዬ ምንም አልመለሰም፤ ግን ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። እኔ የቢዝነስ ትምህርት የተማርኩ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ወረቀት አውጥቼ መሸጥና ማቆየትን ማወዳደር ጀመርኩ። ከሁሉ በፊት ግን መወሰን የነበረበት ወለሉ ተበልቷል ወይስ ገና ነው የሚለው ነበር።

ከባህል አዳራሽ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ ያረጁ መካኒክ አሉ። ወሰድንላቸው።

«ጋሼ፣ አዲስ የመስታወት ማንሻ ልግዛ?» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ውሃው የት እንደሚሄድ እንየው፤» አሉና አንድ ጆግ ውሃ በመስታወቱ ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱ።

እኔም እንደ ብዙ ሰው፣ ጤነኛ በር ውሃ አያስገባም ብዬ ነበር የማስበው። እንደዚያ አይደለም። በመስታወቱና በበሩ ብረት መካከል ያለው ጎሚኒ አብዛኛውን ውሃ ጠርጎ ወደ ውጭ ይመልሰዋል፤ ጥቂቱ ግን ሁልጊዜ ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል። መውጫውም ተዘጋጅቶለታል፤ በበሩ የታችኛው ጠርዝ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ከዚያም የበሩ የውስጥ ልባስ ከካርቶን የተሠራ ስለሆነ፣ ውሃው እንዳይነካው ከጀርባው ላስቲክ ይለጠፋል። ጎሚኒው ከደረቀ፣ ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑና ላስቲኩ ተገንጥሎ ከተጣለ ውሃው ልባሱን አልፎ ወደ ምንጣፉ ይገባል።

በእኛ ቮልስ ሦስቱም ሆነው ነበር። ቀደም ሲል በሩን የከፈተ ሰው ላስቲኩን መልሶ አልለጠፈውም። መካኒኩ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ሲወጉ የደረቀ ጭቃ፣ የተበጣጠሰ ጨርቅና ብዙ የመስታወት ፍርፋሪ ወጣ። ፍርፋሪው ከዓመታት በፊት የተሰበረው መስታወት ነው፤ አዲሱ ሲገጠም አሮጌው ከበሩ ሆድ አልተጠረገም። የበር መስታወት ሲሰበር በሺህ ትናንሽ ቁራጭ ስለሚረግፍ በእጅ መልቀም አይበቃም፤ በአቧራ መምጠጫ ነው መውጣት ያለበት። ወለሉን በካቻቪቴ እጀታ ቆረቆሩት። ድምፁ ጠንካራ ነበር። «ገና ነው፤» አሉ፤ አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

እንግዲህ የርስዎን በር ማስከፈት ካሰቡ፣ ራስዎ ባይፈቱት እንኳ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ይጠቅምዎታል። ማዞሪያ እጀታው፣ የክንድ ማሳረፊያውና የበሩ መክፈቻ ሽፋን ይፈታሉ፤ ልባሱ በዙሪያው ባሉት ክሊፖች የተያዘ ስለሆነ ቀስ እየተባለ ይላቀቃል። በካቻቪቴ ጎትተው የሚያነሱት ካርቶኑን ይቀዱታል። እያንዳንዱ ነገር ከመፈታቱ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። የፈቱትን ቪቴ ሁሉ አንድ ሳህን ውስጥ ከመቀላቀል በየክፍሉ በተለያየ ኩባያ ያስቀምጡ። የበሩ የውስጥ ብረት ጠርዝ እንደ ቢላ ስለሚቆርጥ ጓንት የግድ ነው። ልጆች ደግሞ በዚህ ሰዓት ጣታቸውን ወደ በሩ ሆድ እንዳይሰዱ ራቅ ይበሉ።

መልሶ መግጠሙ ላይ ነው ትዕግሥት የሚፈተነው። በሩ ከጸዳና ዝገቱ ተጠርጎ ከተቀባ በኋላ፣ መስታወቱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ይገባል። ሐዲዱ ፀጉራማ ጨርቅ የለበሰ ነው። ቀጥሎ መስታወቱ ከታች «የብረት ጫማውን» እንደለበሰ ወደ በሩ ሆድ ይወርድና ታች ያርፋል። ጫማው ውስጥ በብረቱና በመስታወቱ መካከል የጎማ ጥብጣብ አለ፤ ያለ እሱ ብረት መስታወትን ይነክሳል። ከዚያ ነው ባለሦስት ማዕዘኗ ትንሿ መስታወት ከነፍሬሟ የምትገባው። ብዙ ሰው ለንፋስ ብቻ የተሠራች ይመስለዋል፤ የፍሬሟ ቋሚ ግን ለትልቁ መስታወት የፊት ሐዲድ ነው። እሷ ከተጣመመች ትልቁ መስታወት ቀጥ ብሎ አይወጣም። መጨረሻ ላይ ማንሻው ይገባና የብረት ጫማው በቡሎን ይታሰርበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀው ይያዙ። ቡሎኖቹ ወዲያው አይጠብቁም። መካኒኩ በጣታቸው ብቻ አጥብቀው «ነይ እስኪ፣ እስከ ላይ አዙሪው፤» አሉኝ። መስታወቱ ወጥቶ ከላይኛው ጠርዝ ጋር ገጠመ፤ ቦታውን ራሱ አገኘ። ያን ጊዜ ነው ቁልፉን አንስተው ያጠበቁት። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ረዘም ተደርገው የተሠሩት ለዚሁ ነው። መስታወቱ ታች እያለ ያጠበቀ ሰው መስታወቱ በየቀኑ ዘንበል ብሎ እንዲወጣ ይፈርድበታል፤ እጀታው ይከብዳል፤ የማንሻው ጥርስ ይበላል፤ ከዚያ «ማንሻው ተበላሽቷል፣ አዲስ ግዢ» ይባላሉ።

ቅባትን በተመለከተ፣ የሞተር ዘይትና ግራሶ በመስታወቱ ሐዲድ ላይ እንዳያስቀቡ። ለጥቂት ቀን ያለሰልሳል፤ ከዚያ የከተማችንን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል፤ ጎማውንም ያሳብጠዋል። ለሐዲዱ የሚሆነው የሲሊኮን ስፕሬይ ነው። ግራሶ የሚገባው ማንሻው ጥርስ ላይ ብቻ ነው።

ልባሱ ከመመለሱ በፊት የጆጉን ፈተና ይድገሙት። ውሃ ከላይ ያፍስሱ፤ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። በውስጠኛው ብረት ላይ ወርዶ በታች ቀዳዳዎች ሲንጠባጠብ ካዩ በሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ላስቲኩ ከተለጠፈ በኋላ የታችኛው ጫፉ ወደ በሩ ሆድ መግባት አለበት፤ ወደ ውጭ ከቀረ ውሃውን በቀጥታ ለምንጣፉ ያስረክበዋል። ይህች የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት፤ የምትዘለለውም ብዙ ጊዜ እሷው ናት።

ዕቃ ሲገዙ ከአንድ ሻጭ ባለሙያ ምክር ይቀበሉ። ሱቅ ፊት ለፊት የሚደረደረው የሚያብለጨልጨው ነው። ኒኬል እጀታ፣ አዲስ ማዞሪያ፣ የጎን መስታወት ያያሉ። ጥቁር ጎሚኒና ፀጉራማ ሐዲድ የሚያሳይ የለም፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ተጠቅልሎ ነው የሚገኘው። በጀትዎ ጠባብ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚገዛው እሱ ነው። እኛ ማንሻውን አልቀየርንም፤ ታጥቦ፣ ግራሶ ተቀብቶ ተመለሰ። የገዛነው ጎሚኒዎቹን፣ ሐዲዶቹን፣ የጫማውን ጥብጣብና ጥቂት ክሊፖች ብቻ ነው።

ሐዋሳ ካጡ ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ማስፈለግ ይችላሉ፤ ግን የመኪናዎን ዘመን ሳያውቁ አያዝዙ። ከ1965 የፈረንጆች ሞዴል ጀምሮ የቮልስ መስታወቶች ሰፍተዋል፤ የቀድሞዋ ጎሚኒ ለኋለኛዋ አይሆንም። ሊብሬው ላይ ያለውን ካላመኑት የኋላ መቀመጫውን ያንሱ፤ የሻንሲ ቁጥሩ መሐል ባለው የወለል ጉብታ ላይ ተመትቶ ያገኙታል። ያንን ፎቶ አንስተው ለሻጩ ይላኩ። መቀመጫውን ካነሱ አይቀር በባትሪው ሥር ያለውን ወለልም ይዩት፤ እሱም ቶሎ ይዝጋል።

ጎረቤታችን አሁንም ዋጋ ይጠራል፤ ከበፊቱም ጨምሯል። አባዬ አሁንም አይመልስለትም። እናቴ በክረምቱ ማብቂያ ላይ ምንጣፉን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች። አንድ አዲስ ቅሬታ ብቻ አላት፤ በሩ አልዘጋ ይላል። ይህ በእናንተም ቤት ሊያጋጥም ይችላልና አትደንግጡ። ቮልስ ጎሚኒዋ ሙሉ ሲሆን ውስጧ ያለው አየር መውጫ ያጣል፤ በሩን ሲገፉት መልሶ ይገፋል። ባለሦስት ማዕዘኗን መስታወት በጣት ስፋት ከፈት አድርገው በሩን ይዝጉት፤ ከዚያ ይግጠሟት።