ለሽርሽር ወደ ቱርክ፦ ፍርሃት ወይስ ጥንቃቄ?



ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱ ሲገባ አላህ አቅሙን የሰጣቸው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ከአገር ወጣ ብለው መመለስን ያስባሉ። ኢስታንቡል በብዙዎች ሐሳብ ውስጥ ትገባለች። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፤ በየሰላቱ አዛን ይሰማል፤ ሐላል ምግብ ፍለጋ አያደክምም። እ.ኤ.አ. በ1557 የተጠናቀቀውን የሱለይማንያ መስጂድ ለልጆች ማሳየትም የታሪክ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ በቤት ውስጥ ሲነሳ ክርክር ይከተላል። አባት ቦምብ ፈነዳ የተባለውን ያስታውሳል። እናት የመሬት መንቀጥቀጡን ታነሳለች። ወጣቱ ልጅ ደግሞ «ሞት እንደሆነ ቤትም ውስጥ አለ፤ አላህ የጻፈው አይቀርም!» ብሎ ወሬውን ሊዘጋው ይሞክራል። ለመሆኑ ትክክሉ ማነው?

ከቀደር ወደ ቀደር

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ስፍራ ሲደርሱ በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ወዲያው አልወሰኑም። በመጀመሪያ ሙሃጂሮችን፣ ቀጥሎ አንሷሮችን ጠርተው አማከሩ፤ ሁለቱም ወገኖች በሐሳብ ተለያዩ። በመጨረሻ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ ሁሉም በአንድ ቃል መመለስ ይሻላል አሉ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ግን ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንምን ሲሉ ጠየቁ። ዑመርም የሚሸሹት ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሆኑን ነገሯቸው። ግመሎቹን ከደረቀው ዳገት ይልቅ በለምለሙ የሚያሰማራ ሰው በሁለቱም በአላህ ቀደር ውስጥ መሆኑን በምሳሌ አስረዷቸው። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው፣ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትም፣ ካለበት አገር ሸሽቶ መውጣትም እንደማይገባ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ተናገሩ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ሰበብ ማድረስ ተወኩልን አያፈርስም። ውሳኔም ከወሬ ሳይሆን ከማጣራትና ከምክክር በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ወጣቱ ልጃችን ስለ ቀደር የተናገረው እውነት ቢሆንም ለግዴለሽነት ማስረጃ አድርጎ ማቅረቡ ግን ስህተት ነው።

ስጋቱን በሚዛን

የአባት ስጋት መሠረት የለውም አንልም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 በኢስታንቡል አውሮፕላን ማረፊያ በደረሰው ጥቃት ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በኅዳር 2022 በኢስቲቅላል ጎዳና በፈነዳው ቦምብ 6 ሰዎች አልቀዋል። ነገር ግን ኢስታንቡል ከ15 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት፣ በየዓመቱም ሚሊዮኖች የሚጎበኟት ከተማ ናት። እንዲህ ያለው ጥቃት አስደንጋጭ ቢሆንም በአንድ ጎብኚ ላይ የመድረስ ዕድሉ ጠባብ ነው። አገሩንም በጅምላ መመዘን አይገባም፤ ከሶሪያ ጋር የሚዋሰነው አካባቢና ኢስታንቡል አንድ አይደሉም።

የእናት ስጋት ግን ጠለቅ ብሎ መታየት ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ከ50,000 በላይ ሰዎችን በቱርክ የቀጠፈው መንቀጥቀጥ ከኢስታንቡል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የደረሰ ነው። ሆኖም በነሐሴ 1999 ኢዝሚትን የመታውና ከ17,000 በላይ ሰው የገደለው ለከተማይቱ ቅርብ ነበር። ጠበብቶችም በማርማራ ባሕር ሥር ሌላ ከባድ መንቀጥቀጥ እንደሚጠበቅ ያስጠነቅቃሉ። ቀኑን ግን ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ማረፊያ ስንመርጥ ከርካሽነቱ በፊት የሕንጻውን ጥንካሬ እንጠይቅ። ሲንቀጠቀጥ ልጆች ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ጭንቅላታቸውን እንዲሸፍኑ አስቀድመን እናለማምዳቸው። በሚያዝያ 2025 ኢስታንቡል በ6.2 መጠን ስትናወጥ ከ150 በላይ ሰዎች የተጎዱት ሕንጻ ተደርምሶባቸው ሳይሆን በድንጋጤ ከከፍታ በመዝለላቸው ነበር!

ማንም ያላነሳው አደጋ

በቤቱ ክርክር ማንም ያላነሳው አለ፤ መንገድ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመኪና አደጋ ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን በመግደልም ቀዳሚው ይኸው ነው። ቦምብን ፈርቶ የመኪና ቀበቶ የማያስር አባት ሚዛኑን ስቷል። በአውቶቡስም በታክሲም ቀበቶ ይታሰር፤ የሌሊት የመኪና ጉዞ ይቅር።

አታላዮችም አሉ። ጫማ ጠራጊው ብሩሹን እንደ ዋዛ ይጥላል፤ አንስተን ስንሰጠው በምስጋና ስም ጫማችንን ጠርጎ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በመንገድ ላይ ድንገት ወዳጅ ሆኖ ወጣት ወንዶችን ወደ መሸታ ቤት የሚጋብዝም አለ። ሒሳቡ ሲመጣ ከኪስም ከዲንም ያስከፍላል።

ከመነሳታችን በፊት

የፓስፖርቶቻችንን ቅጂ ለብቻ እንያዝ። የማረፊያችንን ስምና አድራሻ ጽፈን በእያንዳንዱ ልጅ ኪስ እንክተት። 112 የቱርክ የድንገተኛ አደጋ ስልክ መሆኑን ትልልቆቹ ይወቁ። አንካራ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክም እንመዝግብ።

ከሁሉ በፊት ግን እንደ ዑመር እንመካከር። እናት ያልተዋጠላት ጉዞ፣ የታመመ ሽማግሌን ያለ ጠያቂ የሚያስቀር ጉዞ፣ በብድር የሚደረግ ሽርሽር ቢቀር ይሻላል። ተመካክረን፣ ኢስቲኻራ ሰግደን ከወሰንን በኋላ ደግሞ በየሰዓቱ ወሬ እያሳደድን ደስታችንን አንግደለው። መሄድም መቅረትም ከአላህ ቀደር አይወጣም፤ ከእኛ የሚጠበቀው ለምለሙን ዳገት መምረጥ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ተጓዦቻችንን በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስልን። ኣሚን!