ያልተነካ ጠመንጃ ለምን ይወደዳል?

ያገለገለ ስልክ ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? «ተፈቶ ያውቃል?» ቀጥሎ፣ «ስክሪኑ ኦሪጅናል ነው?» ሻጩ ስክሪኑን ቀይሮ፣ ጀርባውን አሳምሮ ቢያመጣላችሁም ዋጋው ይወርዳል እንጂ አይጨምርም። መኪና ገበያም ያው ነው፤ «ሞተሩ ያልወረደ፣ ቀለሙ ያልተነካ» የሚለው ማስታወቂያ በከንቱ አይጻፍም። ይህ ነገር ከስልክና ከመኪና በባሰ የሚሠራበት አንድ ዕቃ አለ፦ አሮጌ ጠመንጃ።

እኔ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ልጅ ነኝ እንጂ ተኳሽ አይደለሁም። ግን አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ ወይም ጊንጪ ያደገ ሰው ጠመንጃን ሳያውቅ አያድግም። ከጊንጪ አካባቢ የተነሱት ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ጣሊያንን ለመውጋት ዱር ሲገቡ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። በየቤቱም የራሱ ታሪክ አለ። ጦርነቱ ሲያበቃ ያው መሣሪያ ለአደን ይወጣል፣ ከርከሮ ከሰብል ያባርራል፣ ለቅሶ ላይ ይታያል።

ስሞቹም የመጡበትን አገር ይናገራሉ። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል፣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር፣ ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ፣ አድዋ የዘመተ። በልጅግ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ከቤልጂየም የመጣው ማውዘር ነው።

ባለፈው ዓመት ጉደር አንድ ዘመዳችን በፈቃድ የያዘውን የአባቱን በልጅግ አሳየኝ። ሰደፉ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ እንደ አዲስ ሶፋ ያብለጨልጫል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተቀርጾ የነበረው ነገርስ?»

«አሮጌ ነገር ነው፤ አስጸዳሁት።»

ያ «አሮጌ ነገር» ግን ዋናው ዋጋው ነበር። ምክንያቱን ለማየት ጠመንጃ በይፋ ወደሚሸጥበት ገበያ እንሂድ። ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለ የአሜሪካ አስመጪ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችን በኢንተርኔት ይሸጣል፤ ውጅግራ አለ፣ የጣሊያን ካርካኖ አለ፣ የቤልጂየም ማውዘር አለ። እዚያ ገዢውን የሚስበው የእንጨቱ ውበት አይደለም። የይሁዳ አንበሳ ምልክት አለበት ወይ? የግዕዝ ፊደል ተቀርጾበታል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው። እኛ የምንፍቀውን ነው እነሱ የሚፈልጉት።

አሜሪካኖቹ ይህን የተማሩት በኪሳራ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወታደር ማውዘር በርካሽ ይቸበቸብ ነበር። ሰዎች ገዝተው እንጨቱን ቆረጡት፣ አፈሙዙን አሳጠሩት፣ ብረቱን በስተው መነጽር ገጠሙበት፤ ጥሩ የአደን ጠመንጃ ወጣው። ዛሬ ግን ያ የተቆረጠው ብዙ ጊዜ ያልተነካው ወንድሙ የሚያወጣውን ግማሽ እንኳ አያወጣም። ከመጀመሪያው ለአደን የተሠሩትም ከዚህ አያመልጡም። ከ1964 በፊት የተሠራው ዊንቸስተር ሞዴል 70 በሰብሳቢዎች ዘንድ በጣም ተፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካው ያልበሳው አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ፣ ትከሻ እንዳይመታ ሰደፉን ቆርጦ የተለጠፈ ጎማ፣ ወይም በአዲስ ቀለም የተነከረ ብረት ዋጋውን ቁልቁል ይጥለዋል።

ለምን? ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ ሳይነካ የቀረው ቁጥር በየጊዜው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ዘመኑ አልፏል፤ የተቆረጠ አፈሙዝ አይበቅልም። ሁለተኛው እምነት ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጥናት እንዳሳየው፣ ገዢው ውስጡን ማወቅ ካልቻለ ክፉውን ገምቶ ነው የሚከፍለው። አንድ ቦታ የተነካ ጠመንጃ ያየ ሰው «ሌላስ ምን ተነክቷል?» ይላል። የጥይት ጉሮሮው ተቀይሮ ከሆነማ ጉዳዩ የዋጋ ብቻ አይደለም፤ በእጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ስለዚህ ማንኛውንም ለውጥ በአንድ ጥያቄ መዝኑት፦ ሊመለስ ይችላል? በብሎን የገባ ነገር በብሎን ይወጣል፤ ዋናው ዕቃ ከተቀመጠ ጉዳቱ ትንሽ ነው። መቁረጥ፣ መብሳት፣ መፋቅ ግን መመለሻ የለውም። ለዚያ የከፈላችሁት ገንዘብ እንደ ኢንቨስትመንት አይቆጠርም፤ ለራሳችሁ ምቾት የወጣ ወጪ ነው።

«ታዲያ የተሰነጠቀ ሰደፉን በጠፍር ያሰረው አርበኛስ አበላሸው?» ልትሉ ትችላላችሁ። አላበላሸውም። ያ ጥገና የተሠራው ጠመንጃው ሥራ ላይ እያለ፣ በዘመኑ፣ በቸገረው ሰው እጅ ነው፤ ራሱ የታሪኩ አካል ሆኗል። ዛሬ ለማሳመር የተቀባው ቫርኒሽ ግን የሚነግረን ስለ ጠመንጃው ሳይሆን ስለ አናጢው ነው።

እዚህ አገር ግን ሒሳቡ ለየት ይላል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝም ሆነ መሸጥና መግዛት ወንጀል ነው። ስለዚህ «የአያቴ በልጅግ በዶላር ስንት ያወጣል?» እያላችሁ እንቅልፍ አትጡ፤ ያ ገበያ ለእናንተ ክፍት አይደለም። ግን ገበያ የለም ማለት ዋጋ የለም ማለት አይደለም። ባሕር ማዶ ያለ ባዕድ ለአንዲት የግዕዝ ፊደል ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ከሆነ፣ ማን እንደያዘው፣ የት እንደተማረከ፣ የትኛው ጫካ እንዳደረ የምታውቁት እናንተ በነጻ ልትፍቁት አይገባም።

ቤታችሁ በሕግ የተመዘገበ አሮጌ ጠመንጃ ካለ ባለፈቃዱ ጥይት አለመጉረሱን ካረጋገጠ በኋላ ስልካችሁን አውጡ። ምልክቱን፣ ቁጥሩን፣ በሰደፉ ላይ ያለውን ጭረት ሁሉ ፎቶ አንሱ፤ ፎቶው እናንተው ጋ ይቀመጥ፣ ቲክቶክ ላይ አይውጣ። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ሪከርዱን ክፈቱና ታሪኩን አስወሯቸው። አናጢ ለመጥራት የሚጣደፍ ዘመድ ካለም ይህን ጽሑፍ ላኩለት።