አንድ ፅንስ ለአንድ እርግዝና

ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1978) እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት በእንግሊዝ ኦልድሃም ከተማ ሆስፒታል አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች። ሉዊዝ ብራውን ተባለች፤ ክብደቷ 2.6 ኪሎ ግራም ነበር። እናቷ ሌስሊ የማህፀን ቱቦዎቿ ተዘግተው ለዓመታት ሳታረግዝ ቆይታለች። የማህፀን ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ በቀጭን የእይታ መሣሪያ እየተመራ አንዲት እንቁላል ከሆዷ አወጣ። ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስ እንቁላሏን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ከባሏ ዘር ጋር አገናኛት፤ ነርሷ ጂን ፐርዲም የፅንሱን መከፋፈል በቅርብ ተከታተለች። ስምንት ሴሎች ሲሞላ ወደ ማህፀን ተመለሰ። አይቪኤፍ የሚባለው ሕክምና መሠረቱ ይህ ነው፤ ኤድዋርድስም እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

ያኔ ብዙዎች «በዚህ መንገድ የተፀነሰ ልጅ ጤነኛ ይሆናል ወይ? አድጎስ ይወልዳል ወይ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። በተመሳሳይ ሕክምና የተወለደችው የሉዊዝ ታናሽ እህት ናታሊ እ.ኤ.አ. በ1999 ያለ ምንም የመካንነት ሕክምና አርግዛ ወለደች፤ ሉዊዝም እ.ኤ.አ. በ2006 እናት ሆነች። ዛሬ በዚህ ሕክምና የተወለዱት በዓለም ዙሪያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው። አብዛኞቹም እንደ ማንኛውም ልጅ ጤነኞች ናቸው።

ጤናን በብርቱ የፈተነው የላቦራቶሪው ሳህን ሳይሆን ወደ ማህፀን የሚገባው የፅንስ ቁጥር ነበር። ሌስሊ የተቀበለችው አንድ ፅንስ ብቻ ነው። በኋላ ግን በሆርሞን መርፌ በአንድ ጊዜ ብዙ እንቁላል ማግኘት ሲቻል፣ ሐኪሞች የመፀነስ ዕድሉን ለማስፋት ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ፅንስ ያስገቡ ጀመር። መንታና ሦስት መንታ በዛ። ዓመታት ለጠበቀ ቤተሰብ መንታ እጥፍ በረከት ሆኖ ቢታየው አያስገርምም። ይሁን እንጂ መንታ የተሸከመ ማህፀን ቶሎ ይለጠጣል፤ ምጥም ብዙ ጊዜ 37ኛው ሳምንት ሳይሞላ ይመጣል። በጣም ቀድሞ የተወለደ ሕፃን ሳንባው በቂ የውስጥ ቅባት ስላላመረተ መተንፈስ ይቸግረዋል፤ ስብ ስለሌለውም ሙቀቱን መጠበቅ ያቅተዋል። እናቲቱም ለደም ግፊት፣ ለደም ማነስና ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት መድማት ይበልጥ ትጋለጣለች።

መፍትሔውን በግልጽ ያሳየችው ስዊድን ናት። ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአብዛኛው አንድ ፅንስ ብቻ እንዲገባ፣ የቀሩት ደግሞ በቅዝቃዜ ተጠብቀው በየተራ እንዲሞከሩ ደነገገች። ቀድሞ በሕክምናው ከሚከሰቱ አራት ወሊዶች አንዱ ያህል መንታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከሃያ ወሊዶች ወደ አንድ ገደማ ወረደ። ልጅ የማግኘት ዕድሉ ግን ብዙም አልተጎዳም። እኔ በዚህ የሕክምና ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው ልደት ቀጥሎ ትልቁ ድል ይህ ነው እላለሁ።

አንድ ልጅ ብቻ ሲረገዝም ጥቂት ልዩነት ይቀራል። ያለ ጊዜው የመወለድና ከተፈጥሮ ጉድለት ጋር የመወለድ ዕድሉ በትንሹ ከፍ ይላል፤ ከዚህም ከፊሉ የሚመጣው ከሕክምናው ሳይሆን ከራሱ ከመካንነቱ መንስኤና ከእናቲቱ ዕድሜ ነው። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት በተለይ በሌላ ሴት እንቁላል ባረገዙ እናቶች ላይ ይበዛል። ሉዊዝ ራሷ በቀዶ ሕክምና የተወለደችው ሌስሊ ይህ ሕመም ስለያዛት ነበር።

ስለዚህ እናት ለክትትል ስትቀርብ እርግዝናው በሕክምና የተገኘ መሆኑን ለሐኪሙና ለአዋላጅዋ መንገር አለባት። በሐሜት ፍራቻ የሚደብቁ አሉ፤ መደበቁ የሚጎዳው ራሳቸውን ነው። መረጃው ካለ ፅንሱ በማህፀን ውስጥ መቀመጡ በጊዜ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ወደ ማህፀን የገባ ፅንስም አልፎ አልፎ ቱቦ ውስጥ ሊያድግ ይችላልና። የደም ግፊቷ በየቀጠሮው ይለካል፤ ለአደጋው የተጋለጠች ከሆነች ሐኪሙ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ አነስተኛ አስፕሪን ሊያዝላት ይችላል። የመውለጃ ቀኗም ያለ ግምት ይታወቃል፦ የአምስት ቀን ፅንስ ከገባበት ዕለት 261 ቀን መቁጠር ነው። በአገራችንም በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ማዕከል ከተከፈተበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ሕክምናው በመንግሥት ሆስፒታል ይሰጣል።

ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ የሚያስፈልገው ለማንኛውም አራስ የሚያስፈልገው ነው፤ የእናት ጡት፣ ሙቀት፣ ክትባት። ቀድሞ ከተወለደና ክብደቱ ከ2.5 ኪሎ በታች ከሆነ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ በጨርቅ ታስሮ ይያዛል። ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ የተጀመረው በኮሎምቢያ ቦጎታ ሲሆን ዘመኑም ሉዊዝ የተወለደችበት 1978 (እ.ኤ.አ.) ነው። አባትም ተራውን ሊይዝ ይችላል። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ በስድስት ወሩ ገና ካልተቀመጠ ቤተሰቡ አይደንግጥ፤ እድገቱ የሚመዘነው በአራት ወር ሕፃን ልክ ነው። ክትባቱ ግን ከተወለደበት ቀን ተቆጥሮ በወቅቱ ይሰጠዋል።