መንገዱን የሳተ ኮረንቲ የተቀበረ ንብረት ይበላል
በሐዲድ ዳር ማደያ፣ መጋዘን ወይም ሕንፃ የሚገዛ ሰው ከካርታው ሌላ ምን ይጠይቅ?

በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስመር ዳር ያለ ቦታ ሲሻሻጥ ደላላውም ገዢውም አስቀድመው የሚያነሱት ካርታውን፣ የሊዙን ዘመንና የአካባቢውን የሰው እንቅስቃሴ ነው። መሬት ውስጥ ስለተቀበረው ብረት የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። ሆኖም የማደያ ጋን፣ የብረት ቧንቧና የመሠረት ፌሮ ከተለመደው ዝገት እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ሊበሉ የሚችሉበት ምክንያት አለ። ይኸውም መንገዱን የሳተ ኮረንቲ ነው።

መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የተሠራው በ750 ቮልት ቀጥታ ኮረንቲ ወይም በተለምዶ ዲሲ በሚባለው እንዲሄድ ነው። በዚህ አሠራር ኮረንቲው ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ወደ ባቡሩ ሞተር ይገባና በሐዲዱ በኩል ወደ ኃይል መስጫ ጣቢያው ይመለሳል። ሐዲድ ከመሬት ፈጽሞ ተነጥሎ ስለማይቀመጥ ጥቂቱ ኮረንቲ ወደ አፈር ያፈተልካል። በአቅራቢያው የብረት ቧንቧ ካገኘም አፈሩን ትቶ በብረቱ ላይ ይጓዛል። ኃይል መስጫ ጣቢያው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ከቧንቧው ወጥቶ ወደ መነሻው ይመለሳል።

ብረቱ የሚበላው ኮረንቲው በገባበት ቦታ ሳይሆን በወጣበት ነው። ስለዚህ ከሐዲዱ የራቀ ሁሉ ደህና፣ የቀረበ ሁሉ ተጎጂ ነው ማለት አይቻልም። ለጣቢያው የቀረበ ቦታ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አንድ አምፔር በዓመት 9 ኪሎ

አንድ አምፔር ቀጥታ ኮረንቲ ከብረት ወደ አፈር ያለማቋረጥ ቢወጣ በዓመት 9 ኪሎ ግራም ያህል ብረት ያሟሟል። በ11 ዓመት አንድ ኩንታል ይሆናል ማለት ነው።

የከፋው ግን ብረቱ በጥቅሉ ማነሱ ሳይሆን በአንድ ነጥብ መበሳቱ ነው። ጥሩ ቅብ የተቀባ ጋን ቅቡ በአንድ ቦታ ቢላጥ ኮረንቲው በሙሉ በዚያች ቦታ ለመውጣት ይገደዳል። የተላጠው ቦታ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የላሜራው ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ቢሆንና የአምፔር መቶኛ የሆነ ኮረንቲ ሁሉ በዚያ ቢወጣ፣ በስሌት ደረጃ ጋኑ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይበሳል። ቅብ ብቻውን ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው።

ተጎጂው የጋኑ ባለቤት ብቻም አይደለም። ነዳጁ ወደ አፈር ይገባል፤ በመያዣ ያበደረው ባንክም በወረቀት ላይ ሙሉ፣ በመሬት ውስጥ ግን ሽንቁር የሆነ ንብረት ይዞ ይቀመጣል።

ምንጩ ባቡር ብቻ አይደለም። አንድ ባለ ማደያ ወይም ባለ ዲፖ የራሱን ጋን ከዝገት ለመጠበቅ መሬት ውስጥ ኮረንቲ የሚለቅ መሣሪያ ሊተክል ይችላል። መሣሪያው በአግባቡ ካልተስተካከለ የራሱን ጠብቆ የጎረቤቱን ቧንቧ ይበላል። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ ጅቡቲ የምድር ባቡር በ25 ሺህ ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ወይም ኤሲ የሚሠራ በመሆኑ በዚህ ረገድ የሚያሰጋው ከዲሲው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ቦስተን የከፈለችው ዋጋ

ችግሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ትራም በተስፋፋበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ በቦስተን መሬት ውስጥ የተቀበሩ የስልክ ኬብሎች የእርሳስ ሽፋናቸው ተበልቶ ተገኘ። የስልክ ኩባንያው የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይ. ኤች. ፋርናም በ1894 ጉዳዩን ለአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ኮረንቲው አፈር ሳይነካ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ወደ ኃይል ማመንጫው እንዲመለስ ማድረግ ነበር። ይህ ዘዴ ተሻሽሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሌሎቹ መፍትሔዎችም የታወቁ ናቸው። ሐዲዱን በጎማ ከመሬት መለየት፣ የሐዲድ መገጣጠሚያዎችን ማጥበቅ፣ በብረት ቧንቧ መሐል ኮረንቲ የማያሳልፍ ማያያዣ ማስገባት፣ ሲቻልም የፕላስቲክ ቧንቧ መጠቀም ይገኙባቸዋል። ቁፋሮው ክፍት እያለ እነዚህን ማድረግ ቀላል ወጪ ነው። አስፋልትና ኮንክሪት ሰብሮ የተበሳ ጋን ማውጣት ግን ሌላ ሒሳብ ነው።

ገዢ ምን ይጠይቅ?

ከውል በፊት የሚነሱት ጥያቄዎች አራት ናቸው። የተቀበረው ጋንና ቧንቧ ከምን ተሠራ? በስንት ዓመተ ምሕረት ተቀበረ? የቅርቡ የባቡር ኃይል መስጫ ጣቢያ የት ነው? በብረቱና በአፈሩ መካከል ያለው ቮልቴጅ ተለክቶ ያውቃል? ልኬቱ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ባቡር በሚመላለስበት ሰዓት እየዘለለ፣ ሌሊት ባቡር ሲቆም የሚረጋ ቁጥር ከታየ ምንጩ ሐዲዱ ስለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው።

ሻጭ የልኬት ወረቀት ካለው ዋጋውን ለማስከበር ይረዳዋል። ከሌለው ገዢው በራሱ ወጪ ያስለካ፤ ወጪውንም ከዋጋው ላይ ይደራደርበት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የተበሳ ጋን ከላይ ሲታይ ከደህናው አይለይምና።